ከቤት ውጭ ስለሚዘረጋ የኤሌክትሪክ ማራዘሚያ ገመድ አመራረጥና አጠቃቀም

ከነጋዴ ሱቅ ከሚወጡት ዕቃዎች መካከል የብዙዎቹ ጉድለት ወዲያው ይታያል። የተቀደደውን ጨርቅ፣ የተሰነጠቀውን ብርጭቆ፣ የነቀዘውን እህል ገዢው ራሱ አይቶ ይመልሰዋል። በተለምዶ ኤክስቴንሽን የሚባለው የኤሌክትሪክ ማራዘሚያ ገመድ ግን ጉድለቱ በሽፋኑ ውስጥ ተሰውሮ የሚኖር ዕቃ ነው። ሁለት ገመዶች በቀለምም በውፍረትም አንድ መስለው በአንድ መደርደሪያ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ሳለ፣ አንደኛው ለብዙ ዓመት የሚያገለግል፣ ሁለተኛው ግን ሥራ በበዛበት በአንድ ቀን ውስጥ የሚቃጠል ሊሆን ይችላል። ልዩነቱን አስመጪው ካላወቀ ባለሱቁ አያውቀውም፤ ባለሱቁም ካላወቀ ገዢው የሚረዳው ጉዳት ከደረሰ በኋላ ነው።

የዚህ ገመድ ገበያ ሰፊ ነው። በሕንፃ ሥራ ቦታ ሚክሰር የሚባለውን የኮንክሪት ማደባለቂያ ያንቀሳቅሳል፤ በመንገድ ዳር የብረት መቁረጫውን ያሠራል፤ በመኪና እጥበት ቦታ ለውሃው ፓምፕ ኃይል ይሰጣል፤ በሠርግና በልቅሶ ድንኳን መብራቱን፣ ድምፅ ማጉያውንና አንዳንድ ጊዜም የእንጀራውን ምጣድ ይሸከማል። የቡናና የሰሊጥ ላኪዎችም በየመጋዘናቸው ለማበጠሪያና ለጆንያ መስፊያ ማሽን ይጠቀሙበታል። በነዚህ ቦታዎች ገመዱን ፀሐይ፣ ዝናብ፣ ጭቃ፣ ዘይትና የመኪና ጎማ ያገኘዋል። ስለዚህ በቤት ውስጥ ራዲዮና የጠረጴዛ መብራት ለማብራት የተሠራው ቀጭን ገመድ ለዚህ ሥራ ከቶ አይሆንም።

ዋጋው በመዳቡ ነው

የገመድ አቅም የሚለካው በሽፋኑ ውፍረት ሳይሆን በውስጡ ባለው የመዳብ ሽቦ ውፍረት ነው። ይህም ውፍረት በካሬ ሚሊሜትር ይቈጠራል፤ በገበያ ላይ 0.75፣ 1፣ 1.5፣ 2.5 እና 4 እየተባለ የሚጠራው ቍጥር ይህ ነው። መዳብ ኤሌክትሪክን በቀላሉ የሚያሳልፍ ቢሆንም ጥቂት ማገዱ አይቀርም። በመንገድ ላይ የታገደው ኃይል ወደ ሙቀት ይለወጣል፤ ሽቦው በቀጠነና በረዘመ መጠንም ዕገዳው ይጨምራል። ከሁሉ ይልቅ ሊታወስ የሚገባው ነገር፣ ጭነቱ እጥፍ ሲሆን ሙቀቱ እጥፍ ሳይሆን አራት እጥፍ መሆኑ ነው።

ነገሩ በምሳሌ ይገለጥ። አንድ ሥራ ተቋራጭ 10 አምፔር የሚስብ ሚክሰር አለው እንበል። የመብራቱ መስመር 220 ቮልት ሲሆን ከሥራው ቦታ 50 ሜትር ይርቃል። ባለ 0.75 ገመድ ገዝቶ ቢዘረጋ 26 ቮልት ያህል በመንገድ ላይ ይጠፋና ለሞተሩ የሚደርሰው 194 ቮልት ብቻ ይሆናል። ባለ 1.5 ቢገዛ ኪሳራው ወደ 13 ቮልት ይወርዳል፤ ባለ 2.5 ቢገዛ ግን 8 ቮልት ብቻ ነው። በ194 ቮልት የሚሠራ ሞተር ከጉልበቱ ከአምስት አንዱን እጅ የሚበልጠውን ያጣል። አሸዋና ጠጠር ተሞልቶበት ለመዞር ሲቸገር ተጨማሪ ኤሌክትሪክ ይስባል፤ በዚህም ምክንያት ይግልና በመጨረሻ ይቃጠላል።

ከዚህ በኋላ የሚሆነውን ማናቸውም የማሽን ነጋዴ ያውቀዋል። ተቋራጩ የተቃጠለውን ሚክሰር አስጭኖ ገመዱን ወደ ሸጠለት ሱቅ አይሄድም፤ የሚሄደው ማሽኑን ወደ ሸጠለት ነጋዴ ነው። ዋስትናው ይጠየቃል፣ ክርክር ይነሣል፣ የማሽኑም ስም ይጎድፋል። የጥፋቱ ምክንያት ግን በጭቃው ላይ የተጋደመው ቀጭን ገመድ ነበር። ስለዚህ ማሽን የሚሸጥ ነጋዴ ሁሉ ማሽኑ የሚፈልገውን ገመድ ለገዢው አብሮ ቢነግረው የሚጠብቀው የራሱን ስም ነው።

በመንገድ ላይ የሚጠፋው ኃይል ከመቶ 4 እንዳያልፍ ለማድረግ የሚከተለው መመሪያ ይበቃል። እስከ 10 አምፔር ለሚስብ መሣሪያ እስከ 25 ሜትር ድረስ ባለ 1.5፣ እስከ 50 ሜትር ድረስ ባለ 2.5 ይሸጣል። 16 አምፔር ለሚስብ ከባድ መሣሪያ እስከ 25 ሜትር ባለ 2.5፣ እስከ 50 ሜትር ባለ 4 ያስፈልጋል። በመሣሪያው ላይ አምፔሩ ያልተጻፈ እንደ ሆነ ዋቱን ለ220 ማካፈል ነው። ለምሳሌ 3500 ዋት የሆነ የእንጀራ ምጣድ 16 አምፔር ያህል ይስባል። በድግስ ቀን ይህን ምጣድ በቀጭን ኤክስቴንሽን በድንኳን ውስጥ መጣድ አደጋ መጥራት ነው።

ስለ ገመዱ ሽፋን

ሽፋኑ በሁለት ዐይነት ይከፈላል። አንደኛው ፒ ቪ ሲ የሚባለው ፕላስቲክ ነው፤ ዋጋው አነስተኛ ሲሆን ለቤት ውስጥ ይስማማል። ለደጅ ተብሎ ያልተሠራው ፒ ቪ ሲ ግን በፀሐይ ውሎ ሲያድር ይደርቅና ይሰነጠቃል። ሁለተኛው ጎማ ሲሆን፣ ለደጅ ሥራ የሚመረጠው ከላይ ኒዮፕሪን የለበሰው ነው። ኒዮፕሪን እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1930 ዓ.ም. የተገኘ ሰው ሠራሽ ጎማ ነው፤ ፀሐይን፣ ዘይትንና መፋተግን ከተራው ጎማ ይበልጥ ይችላል።

አዲስ አበባን በመሰለ ከፍተኛ ቦታ የፀሐዩ ጨረር የበረታ ስለ ሆነ በበጋ የተሰነጠቀው ሽፋን በክረምት ውሃ ያስገባል። ሰው የሚጎዳውም በዚያን ጊዜ ነው። በአውሮፓ ደረጃ ለተሠራው ከባድ የጎማ ገመድ ምልክቱ «ኤች 07 አር ኤን-ኤፍ» ሲሆን፣ ለቤት ውስጥ የሚሆነው የፕላስቲክ ገመድ ደግሞ «ኤች 05 ቪ ቪ-ኤፍ» ይባላል። ምልክቱ በሽፋኑ ላይ በላቲን ፊደል ታትሞ ይገኛል፤ 07 ያለው እስከ 750፣ 05 ያለው እስከ 500 ቮልት የተመደበ ነው።

አስመጪው ሊመረምረው የሚገባ

በሽፋኑ ላይ የታተመ ቍጥር ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። በዓለም ገበያ መዳብ ውድ፣ አሉሚኒየም ርካሽ በመሆኑ ከላይ በስስ መዳብ የተለበጠ የአሉሚኒየም ሽቦ እንደ ንጹሕ መዳብ ሆኖ የሚሸጥበት ጊዜ አለ። ይህ ሽቦ ኤሌክትሪክን የማገዱ መጠን ከንጹሕ መዳብ ከአንድ ተኩል ጊዜ በላይ ነው። እንግዲህ 2.5 ተብሎ የተሸጠው፣ ወርዱ በእርግጥ 2.5 ቢሆን እንኳ፣ በሥራ ላይ ከ1.5 እምብዛም አይበልጥም ማለት ነው።

ለማወቅ የሚያስፈልገው ቢላዋና ሚዛን ነው። ከሽቦው አንዷ ክር ስትፋቅ ከቀዩ መዳብ ሥር ነጭ ብረት ከወጣ ልቡ አሉሚኒየም ነው። በአንጻሩ ከላይ ነጭ ሆኖ ሲፋቅ ቀይ የሚወጣው በቆርቆሮ የተለበጠ መዳብ ስለ ሆነ ጉድለት የለበትም። በሚዛን በኩል ደግሞ፣ ባለ 3 ሽቦ፣ ባለ 2.5፣ የ50 ሜትር ገመድ በውስጡ 3.3 ኪሎ ያህል መዳብ ሊኖረው ይገባል። ባለ 1.5 ከሆነ 2 ኪሎ ያህል ነው። አንድ ሜትር ቈርጦ፣ ሽፋኑን ገፎ፣ ሽቦውን ብቻ መዝኖ በ50 ማባዛት ነው። የተለበጠው አሉሚኒየም ክብደት የንጹሑን ግማሽ እንኳ አይሞላም።

ምርመራው ዕቃው ጉምሩክ ከደረሰ በኋላ ቢደረግ ግን ዘግይቷል። በኤል ሲ ግዢ ባንክ የሚከፍለው ሰነድ አይቶ እንጂ ዕቃ አይቶ አይደለም። በፕሮፎርማው ላይ «የኤሌክትሪክ ገመድ፣ 50 ሜትር» ተብሎ ብቻ ተጽፎ እንደ ሆነ ሻጩ ያንኑ ጽፎ ሰነዱን አቅርቦ ገንዘቡን ይወስዳል። ስለዚህ አስመጪው በትእዛዙ ላይ ንጹሕ መዳብ መሆኑን፣ የሽቦውን ወርድና የሽፋኑን ዐይነት በግልጽ ያስጽፍ፤ ከሚቀርቡትም ሰነዶች መካከል ገለልተኛ መርማሪ የሰጠው የምስክር ወረቀት እንዲገኝበት ያድርግ። የምርመራው ክፍያ ከአንድ ኮንቴይነር ኪሳራ ጋር የሚነጻጸር አይደለም።

ከአሜሪካ የሚመጣ ገመድም ራሱን የቻለ ጥንቃቄ ይጠይቃል። በዚያ አገር ውፍረት የሚነገረው በጌጅ ስለ ሆነ ቍጥሩ ባነሰ መጠን ሽቦው ይወፍራል። 16 ጌጅ ወደ 1.3፣ 14 ጌጅ ወደ 2.1፣ 12 ጌጅ ወደ 3.3 ካሬ ሚሊሜትር ነው። ጠፍጣፋ ጥርስ ያለው መሰኪያውም የተመደበው ለ125 ቮልት በመሆኑ በ220 ቮልት መስመር ላይ ሊውል አይገባውም። ከዱባይ የሚመጣው ባለ ሦስት አራት ማዕዘን ጥርስ ሶኬት ደግሞ በውስጡ ፊውዝ አለበት። እርሱን ቈርጦ በርካሽ ባለ ሁለት ጥርስ መተካት ፊውዙንም የመሬቱንም መስመር አውጥቶ መጣል ነው።

ባለሱቁ ለገዢው የሚነግረው

ልምድ ያለው ባለሱቅ ገመድ ከማውረዱ በፊት ሦስት ነገር ይጠይቃል፤ «ጌታዬ፣ ምን ሊያሠሩበት ነው? ምን ያህል ይርቃል? የሚዘረጋውስ ደጅ ነው ወይስ ቤት?» ገዢው ከመለሰ በኋላ የሚገባው ገመድ ይታወቃል። ከዚያም የሚከተለውን ምክር አክሎ ቢሰጠው መልካም ነው።

1ኛ) በከበሮ ላይ የተጠቀለለ ገመድ ከባድ መሣሪያ ሲያሠራ እስከ መጨረሻው ይተርተር። የ50 ሜትር ባለ 2.5 ገመድ 16 አምፔር ሲሸከም 200 ዋት ያህል ሙቀት ይሰጣል። ተዘርግቶ ሲሆን ነፋስ ያበርደዋል፤ ተጠቅልሎ ሲሆን ግን ሙቀቱ መውጫ አጥቶ ሽፋኑን ያቀልጠዋል። በብዙ ከበሮዎች ላይ ሁለት ዋት የሚጻፈው ስለዚህ ነው፤ ትንሹ ለተጠቀለለው፣ ትልቁ ለተዘረጋው ነው።

2ኛ) ሁለት አጭር ገመድ ከመቀጣጠል አንድ ረዥም ገመድ መግዛት ይሻላል። ሽቦ ጠምዝዞ በናስትሮ መጠቅለል በደጅ ሥራ ፈጽሞ የተከለከለ ይሁን፤ ናስትሮ ውሃ አያግድም።

3ኛ) ብጫና አረንጓዴ የሆነው የመሬት ሽቦ አይቈረጥ። ማሽኑ ውስጡ ተበላሽቶ ኤሌክትሪክ ወደ አካሉ ሲወጣ በሠራተኛው ፈንታ የሚቀበለው እርሱ ነው።

4ኛ) ለደጅ የሚሆነው ሶኬት ክዳን ያለውና ቢያንስ «አይ ፒ 44» የሚል ምልክት የታተመበት ይሁን። ይህም ሲረጭ ውሃ የማያስገባ ማለት እንጂ በኩሬ ውስጥ ይቀመጥ ማለት አይደለም፤ መጋጠሚያው ከመሬት ከፍ ተደርጎ ይሰቀል።

5ኛ) በመስመሩ መነሻ ላይ አር ሲ ዲ የሚባለው የ30 ሚሊ አምፔር መቍረጫ ይግባ። ኤሌክትሪክ በሰው አካል በኩል ወደ መሬት ሲያፈስ ከሴኮንድ ሲሶ ባነሰ ጊዜ ውስጥ መስመሩን ይቈርጣል። ተራው ብሬከር ሽቦውን ከመጋል ይጠብቃል እንጂ ሰውን ከዚህ አደጋ አያድንም።

6ኛ) ገመዱ በጆንያ፣ በምንጣፍና በበር ሥር አይለፍ፤ መኪናም አይሂድበት። በቡናና በሰሊጥ መጋዘን ይህ የበለጠ ይጠበቅ፤ ጆንያውና ገለባው እሳትን ፈጥኖ ይቀበላልና።

7ኛ) ሥራ ከተጀመረ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ገመዱና ሶኬቱ በውጭ በኩል በእጅ ጀርባ ይዳሰስ። የሚያቃጥል ከሆነ መስመሩ ይጥፋ፤ ገመዱ አይበቃም ማለት ነው። ጭስ ቢታይ ከሁሉ አስቀድሞ ከመነሻው መብራቱን ማጥፋት ይገባል፤ ኤሌክትሪኩ ሳይቋረጥ ውሃ መድፋት ሰውን ይገድላል።

በመጨረሻ

ለርካሹ ገመድ ገዢ አይጠፋም፤ ኪሱ ያልቻለ ሰው የሚያየው ዋጋውን ነው። ነጋዴውም ትርፉን መፈለጉ የሚነቀፍ አይደለም። ነገር ግን ቀጭኑን ገመድ «ይህ ለመብራት ነው፣ ለማሽን አይሆንም» ብሎ መሸጥ ንግድ ሲሆን፣ ዝም ብሎ ለሚክሰርና ለምጣድ መስጠት ግን የሌላውን ቤትና ሕይወት አስይዞ ማትረፍ ነው። በገመዱ ጫፍ ያለው ሠራተኛ ዕቃውን አልመረጠም፤ የመረጡለት አስመጪው፣ ባለሱቁና አሠሪው ናቸው። «ሳይቃጠል በቅጠል» የተባለው ምክር እንደ ኤሌክትሪክ ገመድ በትክክል የሚሠራበት ዕቃ የለም፤ ቅጠሉም በሱቁ ሚዛንና በባለሱቁ ሦስት ጥያቄ ውስጥ ይገኛል።