ለስፖርት መኪና ጎማ ሲመረጥ፦ አራቱ እግሮች ካልተስማሙ



በዚህ ዓምድ ስለ አገርና ስለ ፖለቲካ ማንበብ ለለመደ ሰው፣ ስለ መኪና ጎማ የተጻፈ ነገር ሲያጋጥመው «ይሄ ደግሞ ምን የሚሉት ነው?» ሊል ይችላል። ነገር ግን በታኮማ ፓርክ፣ በሲልቨር ስፕሪንግና በአሌክሳንድሪያ የሚኖረው ወገናችን ከቀኑ ስንቱን ሰዓት መሪ ጨብጦ እንደሚያሳልፍ ለሚያውቅ ጉዳዩ ተራ አይደለም። መኪናው የቱንም ያህል ውድ ይሁን፣ ሞተሩ የቱንም ያህል ጉልበት ይኑረው፣ ከአስፋልቱ ጋር የሚያገናኙት እያንዳንዳቸው የእጅ መዳፍ የሚያህሉ አራት የጎማ ቁራጮች ብቻ ናቸው። ፍሬኑም፣ መሪውም፣ ሞተሩም ሥራቸውን የሚሠሩት በእነዚህ በኩል ነው። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

ይህን ጽሁፍ ለመጻፍ ያነሳሳኝ በወጣቶቻችን ዘንድ የማየው ነገር ነው። ኒሳን 350ዜድ፣ ፎርድ ሙስታንግ፣ ቢ.ኤም.ደብሊው ኤም3፣ አልፎ አልፎም ፖርሽ፣ ሦስተኛና አራተኛ እጅ ሲደርሱ ዋጋቸው ይወርድና ልጆቻችን ይገዟቸዋል። በላቡ ሠርቶ የሚወደውን መኪና የገዛን ወጣት መውቀስ አይገባም። ችግሩ የመኪናው ዋጋ ቢወርድም የጎማው ዋጋ አብሮ አለመውረዱ ነው። ስለዚህ ወጣቱ ወደ ያገለገለ ጎማ ሻጭ ይሄዳል፤ የተበላሸውን አንዱን ብቻ ይቀይራል። በሌላ ጊዜም ሌላውን። በቅርቡ ያየሁት አንድ መኪና አራቱ ጎማዎች የሦስት የተለያዩ ፋብሪካዎች ሥራ ነበሩ። ሻጩ ለልጁ «መጠኑ አንድ ነው» ብሎታል። ዋሽቶ አይደለም፤ መጠኑ አንድ ነበር። ከመጠኑ በስተቀር ግን የሚመሳሰል ነገር አልነበራቸውም።

በጎማው ጎን የተጻፈው ምን ይላል?

«245/45 አር 18፣ 96 ደብሊው» የሚል ጎማ እንውሰድ። 245 የጎማው ስፋት በሚሊሜትር ነው። 45 ማለት ከቸርኬው ጫፍ እስከ መሬት ያለው የጎማው ጎን ቁመት የስፋቱ 45 በመቶ ነው ማለት ነው፤ ይኸውም 110 ሚሊሜትር ገደማ ይሆናል። 18 የቸርኬው ዲያሜትር በኢንች ነው። 96 የሸክም ቁጥር ሲሆን አንዱ ጎማ እስከ 710 ኪሎ መሸከም እንደሚችል ይናገራል። «ደብሊው» የፍጥነት ደረጃው ነው፤ እስከ 270 ኪሎሜትር በሰዓት። «ቪ» 240፣ «ኤች» 210፣ «ቲ» ደግሞ 190 ነው።

«እኔ በሰዓት 270 አልነዳም፣ ታዲያ ምን ይጠቅመኛል?» የሚል ጥያቄ ይነሳል። ተገቢ ጥያቄ ነው። የፍጥነት ደረጃው ግን የሚናገረው ጎማው ሙቀትን እንዴት እንደሚቋቋም ጭምር ነው። ከፍ ያለ ደረጃ ያለው ጎማ በአብዛኛው ጎኑ ጠንከር ያለ ስለሆነ መሪ ሲዞር ቶሎ ይታዘዛል። ከኋላ «ቲ»፣ ከፊት «ደብሊው» የታሰረበት መኪና ኩርባ ላይ ፊቱ ሲታዘዝ ኋላው ይዘገያል። መኪናው ፋብሪካ ሲወጣ ከነበረው ደረጃ በታች አለመውረድ የሚመከረውም ለዚህ ነው። ትክክለኛው መጠንና የንፋስ ልክ በሾፌሩ በር መቃን ላይ ተለጥፎ ይገኛል።

አንድ አክስል፣ አንድ ዓይነት ጎማ

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ እንምጣ። ከላይ ያልነው ጎማ አዲስ ሲሆን ጠቅላላ ቁመቱ 678 ሚሊሜትር ገደማ ነው። አንድ ኪሎሜትር ለመሄድ 470 ጊዜ ያህል ይዞራል። ጥርሱ 5.5 ሚሊሜትር ያለቀ፣ መጠኑ ግን ያው የሆነ ጎማ 477 ጊዜ ያህል መዞር አለበት። ልዩነቱ ሰባት ወይም ስምንት ዙር ነው። በቤልትዌይ ላይ 50 ኪሎሜትር ብትነዱ አንዱ ጎማ ከጓደኛው ወደ 390 ዙር ገደማ ይበልጣል ማለት ነው።

ይህን ልዩነት የሚሸከመው ዲፈረንሻሉ ነው። ዲፈረንሻል የተሠራው መኪናው ሲታጠፍ የውጭው ጎማ ከውስጠኛው የበለጠ መንገድ ስለሚሄድ ያንን ለማስታረቅ ነው። ብዙ የስፖርት መኪኖች ግን አንዱ ጎማ ብቻውን እንዳይሽከረከር የሚገታ «ሊሚትድ ስሊፕ» የሚባል ዲፈረንሻል አላቸው። ግራና ቀኙ ጎማ እኩል ካልሆነ ይህ ክፍል ቀጥ ባለ መንገድ ላይም ሳይቀር ያለ ዕረፍት ይሠራል፤ ይሞቃል፤ ቀስ በቀስም ያልቃል።

በአራቱም እግር የሚነዱ መኪኖች ላይ ነገሩ ይብሳል። ሱባሩ ለባለቤቶች በሚሰጠው መመሪያ የአራቱ ጎማዎች ዙሪያ ከሩብ ኢንች በላይ እንዳይለያይ ይጠይቃል። ይህ ወደ ጥርስ ሲመነዘር አንድ ሚሊሜትር ገደማ ብቻ ነው! ስለዚህ የእንዲህ ዓይነት መኪና አንድ ጎማ ከጥቅም ውጭ ሲሆን ሌሎቹ ግማሽ ካለቁ፣ አራቱንም መቀየር ወይም አዲሱን ጎማ ከቀሪዎቹ ጋር እኩል እንዲሆን ማስላጨት ነው አማራጩ።

ፊትና ኋላ

በብዙ የስፖርት መኪኖች የፊትና የኋላ ጎማ ስፋት ሆን ተብሎ ይለያያል። ባለ 18 ኢንች ቸርኬው የ2003 ኒሳን 350ዜድ ከፊት 225፣ ከኋላ 245 ነው። ሞተሩ ከኋላ የተቀመጠው ፖርሽ 911 ላይ ልዩነቱ ከዚህም ይሰፋል። መሐንዲሶቹ ይህን ያደረጉት ለማማር አይደለም። ጉልበቱና ክብደቱ የሚያርፍበትን እግር ለማስፋት፣ መኪናውም ሲንሸራተት ከኋላ ይልቅ ከፊት እንዲጀምር ነው። ከፊት የሚንሸራተት መኪና ነዳጅ ሲቀነስለት ብዙውን ጊዜ ይመለሳል፤ ከኋላ የሚንሸራተት ግን ዞሮ ይሽከረከራል።

አዲስ የተገዙት ሁለት ጎማዎች ከኋላ ይግቡ የሚባለውም በዚሁ ምክንያት ነው። የፊትና የኋላው መጠን ከተለያየ ግን ማዘዋወር ስለማይቻል፣ ቢያንስ የኋላዎቹ ከፊተኞቹ ይልቅ አልቀው እንዳይገኙ መጠንቀቅ ያሻል።

ሌላው ነገር የጎማው ዓይነት ነው። የበጋ ጎማ ሙቀቱ ከ7 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ሲወርድ እየደረቀ መንገድ መያዝ ያቅተዋል። በእኛ አካባቢ ደግሞ የታኅሣሥና የጥር ማለዳ ከዚህ በታች ነው። ከፊት የሁሉም ወቅት ጎማ፣ ከኋላ የበጋ ጎማ ያሰረ ሰው ብርድ ባለበት ጠዋት በስላይጎ ክሪክ ፓርክዌይ ኩርባዎች ላይ ሲወርድ የፊቱ ይይዛል፣ የኋላው ይለቃል። ከላይ የጠቀስነው ከሁለቱ የከፋው መንሸራተት ይሄው ነው። ስለዚህ ደንቡ አጭር ነው፦ በአንድ አክስል ላይ አንድ ፋብሪካ፣ አንድ ሞዴል፣ ተቀራራቢ ጥርስ፤ በአራቱም ላይ አንድ ዓይነት ወቅት።

አንዳንድ መኪና ሠሪዎች ደግሞ የራሳቸውን ምልክት ያስቀምጣሉ። ፖርሽ «ኤን» ከቁጥር ጋር፣ ቢ.ኤም.ደብሊው ኮከብ፣ መርሴዲስ «ኤም.ኦ.» የሚል። ስማቸው አንድ የሆኑ ሁለት ጎማዎች አንዱ ምልክቱ ኖሮት ሌላው ከሌለው ውስጣቸው ሊለያይ ይችላል።

ጥርሱ ያላለቀ አሮጌ ጎማ

የስፖርት መኪና ባለቤት ብዙ ጊዜ መኪናውን ይቆጥባል። በዚህ ምክንያት ጎማው ጥርሱ ሳያልቅ ያረጃል። ጎማው ላይ ከ«ዲ.ኦ.ቲ.» ቀጥሎ ባለው ጽሁፍ መጨረሻ ያሉት አራት አኃዞች የተሠራበትን ሳምንትና ዓመት ይናገራሉ። 3216 ማለት በ2016 32ኛው ሳምንት ማለት ነው። ብዙ መኪና አምራቾች ከስድስት ዓመት በኋላ ቀይሩት ይላሉ፤ ጎማ ሠሪዎች ደግሞ ቢበዛ አሥር ዓመት ነው የሚሉት።

ተዋናይ ፖል ዎከር ኅዳር 30 ቀን 2013 በካሊፎርኒያ የሞተበትን አደጋ ብዙዎቻችን እናስታውሳለን። የ2005 ፖርሽ ካሬራ ጂ.ቲ. ነበር። የሎስ አንጀለስ ካውንቲ ሸሪፍ መርማሪዎች በመጋቢት 2014 ባወጡት ውጤት ዋናው ምክንያት ፍጥነት መሆኑን ገልጸው፣ ዘጠኝ ዓመት የሆናቸው ጎማዎችም የመኪናውን አያያዝ ሊጎዱ እንደሚችሉ ጠቅሰዋል። ገንዘብ የቸገረው ሰው መኪና አልነበረም። ጎማ ግን የባለቤቱን ኪስ አይቶ አያረጅም።

የሚቆጣጠረን ማን ነው?

እዚህ ላይ የአካባቢያችንን ሕግ ማወቅ ይጠቅማል። ቨርጂኒያ የሚኖረው ወገናችን በየዓመቱ መኪናውን ያስመረምራል፤ የጎማ ጥርስ ከ32 እጅ ኢንች ሁለቱ በታች ከወረደ አያልፍም። በሜሪላንድ ግን የደህንነት ምርመራ የሚደረገው ያገለገለ መኪና ባለቤት ሲቀይር ነው፤ ከዚያ በኋላ በየዓመቱ የሚጠይቅ የለም። ዲስትሪክት ኦፍ ኮሎምቢያ ደግሞ የግል መኪኖችን የደህንነት ምርመራ በ2009 አስቀርቷል። ስለዚህ የታኮማ ፓርክ ነዋሪ፣ ከድንበሩ ወዲህም ሆነ ወዲያ ይኑር፣ ተቆጣጣሪው ራሱ ነው። መሣሪያው ደግሞ ኪሱ ውስጥ አለ፦ አንድ ሳንቲም በጥርሱ መካከል ሲገባ የሊንከን ራስ ሙሉ በሙሉ ከታየ ጎማው አልቋል። በ25 ሳንቲሟ የዋሽንግተን ራስ ከታየ ደግሞ ለዝናብ አስተማማኝ መሆኑ እየቀረ ነው።

በ2000 ከፎርድ ኤክስፕሎረር ጋር በተያያዘ 6.5 ሚሊዮን የፋየርስቶን ጎማዎች ከገበያ መሰብሰባቸውን የምታስታውሱ ትኖራላችሁ። ዳሽቦርዱ ላይ የሚበራው የንፋስ መብራት የመጣው ከዚያ በኋላ በወጣው ሕግ ነው። ነገር ግን መብራቱ ግዴታ የሚሆነው ንፋሱ ከተወሰነው ልክ በ25 በመቶ ሲወርድ ነው። መብራቱ አልበራም ማለት ንፋሱ ልክ ነው ማለት አይደለም። ሙቀቱ በአሥር ዲግሪ ፋረንሃይት ሲወርድ አንድ ፒ.ኤስ.አይ. ያህል ስለሚቀንስ በየወሩ መለካት ይገባል።

ገንዘብ ሲያጥርስ?

ሁሉም ሰው አራት አዲስ ጎማ በአንድ ጊዜ መግዛት እንደማይችል አውቃለሁ። ለዚህ ሦስት ምክር አለኝ።

አንደኛ፣ ሁለት ስመ ጥር ጎማ ከሁለት አሮጌ ጋር ከማጣመር፣ መጠኑና የፍጥነት ደረጃው የተስተካከለ፣ መካከለኛ ዋጋ ያለው አንድ ዓይነት ጎማ አራቱን መግዛት ይሻላል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባል የለ!

ሁለተኛ፣ ሁለት ብቻ መግዛት ግድ ከሆነ በአንድ አክስል ላይ ጥንዱን፣ ከቀሪዎቹ ጋር በፋብሪካና በሞዴል የሚመሳሰለውን ግዙ። አንድ ጎማ ብቻ መግዛት የሚያዋጣው ጓደኛው ገና አዲስ ከሆነ ነው።

ሦስተኛ፣ ያገለገለ ጎማ ከመግዛታችሁ በፊት ውስጡ ይታይላችሁ። መደፈኛው በጥርሱ መካከል ከሆነ ይሁን፤ በትከሻው ወይም በጎኑ ላይ ከሆነ ግን በነፃ ቢሰጧችሁ እንኳ አትቀበሉ። ዓመቱንም ራሳችሁ አንብቡት።

አገር ቤት ጎሚስታው ጎማን አሥር ጊዜ ጠግኖ ሲያኖር ያየ ትውልድ ነን። ያ ጥበብ ያለ ምክንያት አልመጣም፤ ክብርም ይገባዋል። ነገር ግን የአዲስ አበባ ታክሲ በከተማው መጨናነቅ ውስጥ የሚችለውን፣ 300 የፈረስ ጉልበት ያለው መኪና በቤልትዌይ ላይ አይችለውም። ልጃችሁ፣ ወንድማችሁ ወይም እህታችሁ እንዲህ ዓይነት መኪና ካላቸው፣ በሚቀጥለው እሁድ ሳንቲም ይዛችሁ ውጡና አራቱን ጎማዎች አብራችሁ እዩ። አሥር ደቂቃ አይፈጅም።

መልካም መንገድ ለሁላችን!

ከታኮማ ፓርክ፣ ሜሪላንድ