እምቢ ያለው ድራይቨር ይሻላል

ደንበኛ ሲደውል ብዙ ጊዜ የሚለው «ኮምፒዩተሩን ቀየርን፤ መለኪያው ሞተ» ነው። መለኪያው አልሞተም። ያው ሳጥን፣ ያው ማጉያ፣ ያው ቴርሞካፕል በነበረበት መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል። የጠፋው በሳጥኑና በአዲሱ ዊንዶውስ መካከል ሆኖ የሚያግባባቸው ድራይቨር ነው። የምኖረው አቡ ዳቢ፣ ኸሊፋ ሲቲ ነው፤ እንጀራዬ ግን በአብዛኛው ከአውራ ጎዳናው ማዶ፣ ሙሰፋህ የኢንዱስትሪ ሰፈር ውስጥ ነው። እዚያ ምድጃ የሚፈትሽ፣ ቧንቧ በግፊት የሚሞክር፣ ብረት እየጎተተ የሚለካ ወርክሾፕ ሞልቷል። የመለኪያ ሳጥኖቻቸው ደግሞ ከሠራተኞቹ አንዳንዶቹን በዕድሜ ይበልጣሉ።

ብዙ ጊዜ የማገኘው የናሽናል ኢንስትሩመንትስን ኤስሲኤክስአይ ነው። አራት ወይም አሥራ ሁለት ሞጁል የሚይዝ ቻሲ ነው፤ ሞጁሎቹ ከሴንሰር የሚመጣውን ደካማ ሲግናል አጉልተውና አጣርተው ለኮምፒዩተሩ ካርድ ያቀብላሉ። ዛሬ ከምርት ወጥቷል፤ ጥንካሬው ግን የሚደነቅ ነው። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2003 ዳክኤምኤክስ የተባለውን አዲስ ድራይቨር ሲያወጣ የድሮውንም ለተወሰኑ ዓመታት ጎን ለጎን አቆይቶት ነበር። የድሮው 64 ቢት ዊንዶውስ ላይ አይሠራም። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከ64 ቢት በቀር ሌላ የለውም። ስለዚህ ኮምፒዩተሩን የቀየረ ሰው ድራይቨሩንም ሳይወድ ቀይሯል።

የፕሮግራሙ ጉዳይ አሰልቺ እንጂ አደገኛ አይደለም። በድሮው አጻጻፍ የአንድ ቻናል አድራሻ የካርዱን፣ የቻሲውን፣ የሞጁሉንና የቻናሉን መለያ በቃለ አጋኖ እያያያዘ ይሄድ ነበር፤ በአዲሱ ግን የሞጁሉ ስም፣ አንድ እዝባር፣ ከዚያ ቻናሉ ብቻ ነው። በኩባንያው የፕሮግራም መሥሪያ፣ በላብቪው፣ የተሠራው የመለኪያ ክፍል እንዳለ አይሻገርም፣ እንደገና ይጻፋል። ዳክኤምኤክስ ያላወቀውን ሞጁል ሲያገኝ የስህተት ቁጥር አውጥቶ ይቆማል። ቁጥሩን ይዘህ ምክንያቱን ትፈልጋለህ፤ ታገኘዋለህ።

እኔን የሚያስፈራኝ እሺ ሲል ነው።

ኤስሲኤክስአይ-1121ን እንውሰድ። አራት ቻናል ያለው ማጉያ ነው። የእያንዳንዱ ቻናል ጌን፣ ማለትም ሲግናሉን ስንት እጥፍ እንደሚያጎላው፣ እንዲሁም ፊልተሩ የሚወሰነው በሶፍትዌር ሳይሆን በሞጁሉ ሆድ ውስጥ በተሰኩ ጃምፐሮች ነው። የብረትን መለጠጥ ለሚለካው ስትሬን ጌጅ የሚላከው ቮልቴጅ 3.333 ይሁን 10 የሚወስነውም ጃምፐር ነው። ድራይቨሩ እነዚህን ጃምፐሮች አያያቸውም። ከሰው ተነግሮት ነው የሚያውቀው፤ የተነገረውንም ሳይጠይቅ ያምናል። በድሮው ኮምፒዩተር ላይ አንድ ሰው ከዓመታት በፊት በትክክል ሞልቶት የነበረው ሠንጠረዥ ከኮምፒዩተሩ ጋር ተጥሏል፤ የሞላው ሰውም ውሉ አልቆ አገሩ ገብቷል። አዲሱ ላይ ያለው ፋብሪካው የሰጠው ግምት ነው።

የጌኑ ጃምፐር 100 ላይ ሆኖ ድራይቨሩ 1000 ነው ቢባል ምን ይሆናል? 300 ዲግሪ ሴልሺየስ የደረሰ ምድጃ ውስጥ የኬ ዓይነት ቴርሞካፕል አለ፤ የተርሚናሉ ሙቀት 25 ዲግሪ ቢሆን ወደ 11.2 ሚሊቮልት ይሰጣል። ኮምፒዩተሩ ይህን በአሥር እጥፍ አሳንሶ 1.12 አድርጎ ያነበዋል፤ የተርሚናሉን ሙቀት ማካካሻ ይጨምርና 52 ዲግሪ ብሎ ይጽፋል። 5000 ቢል ሁሉም ይስቅ ነበር። 52 ግን በነሐሴ ፀሐይ ላይ የዋለ ማንኛውም ብረት እዚህ አገር የሚደርስበት ቁጥር ነው። ማንም አይጠረጥረውም።

አንድ ወጣት ባልደረባዬ እንዲህ ያለውን ሞጁል አገናኝቶ፣ ገና ምድጃው ሳይበራ፣ «ጋሼ፣ ይሠራል እኮ! 24 ዲግሪ ይላል፤ የክፍሉ ቴርሞሜትርም 24 ነው» አለኝ። ልክ ነበር፤ ምንም ግን አላረጋገጠም። ቴርሞካፕል የሚሰጠው የሁለት ጫፍ ሙቀት ልዩነትን ነው። ሁለቱም ጫፍ ክፍሉ ውስጥ ከሆኑ ልዩነቱ ዜሮ ነው፤ ዜሮን በመቶም በሺህም ብታባዛው ዜሮ ነው። በስክሪኑ ላይ የሚታየው 24 የመጣው ተርሚናሉ ላይ ካለው ትንሽ የሙቀት ሴንሰር ነው። ስትሬን ጌጅም ሸክም ሳይኖርበት ዜሮ ሲያሳይ እንዲሁ ነው። ብዙ የርክክብ ፊርማ የሚፈረመው በዚህ ዜሮ ላይ ነው ብል አላጋነንኩም።

ስለዚህ ኃይል አጥፍተን ሞጁሎቹን እናወጣለን፤ ክዳኑን ከፍተን ጃምፐሮቹን አንድ በአንድ እናያለን፣ ፎቶ እናነሳለን። የባሕሩ እርጥበትና ጨው የኮኔክተሩን እግሮች ያጠቃልና በዚያው እናጸዳቸዋለን። ከዚያ ካሊብሬተር አምጥተን የታወቀ ሚሊቮልት እንሰጠዋለን፤ ዜሮ ብቻ ሳይሆን መካከለኛም ከፍተኛም። ለስትሬን ጌጅ ደግሞ 350 ኦም ካለው ጌጅ ጎን 100 ኪሎኦም ሬዚስተር ማገናኘት ነው። የጌጁ ፋክተር 2 ከሆነ ስክሪኑ ወደ 1740 ማይክሮስትሬን ማሳየት አለበት። 174 ካለ ጌኑ የት እንደተሳተ ታውቋል። (ኤሲው ቀጥታ ተርሚናሉ ላይ እንዳይነፍስ ማድረግንም አትርሱ። ክፍል ማቀዝቀዝ እዚህ እንደ ሃይማኖት ነው፤ የተርሚናሉ ሙቀት ማካካሻ ግን አንድ ጎኑ ብቻ ሲቀዘቅዝ በዲግሪዎች ይሳሳታል።)

ይህ የወርክሾፕ ጥንቃቄ ብቻ አይደለም። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ እ.ኤ.አ. ከ1958 ጀምሮ የምድርን መግነጢሳዊ መስክ ይመዘግባል። እንዲህ ያለ ጣቢያ ውስጥ የሚመዘግበው መሣሪያ ከፎቶ ወረቀት ወደ ዲጂታል ሲቀየር፣ ሰው በሌላ መሣሪያ ራሱን የቻለ ፍጹም ልኬት እየወሰደ አዲሱን መዝገብ ከአሮጌው ጋር ያያይዘዋል። ያለዚያ በሁለቱ መዝገቦች መገናኛ ላይ የሚታየው ዝላይ የምድር ይሁን የመሣሪያው መለየት አይቻልም።

ጃምፐሩን ለድራይቨሩ ከመንገር ሌላ አማራጭም አለ። እንደ 1121 ያለውን ሞጁል በፓራለል ስልት ካሰርነው እያንዳንዱ ቻናል በራሱ ሽቦ ወደ ካርዱ ይገባል፤ ካርዱም ተራ ቮልቴጅ ነው የሚያየው። በጌኑ ማካፈሉን ፕሮግራማችን ይሠራዋል። የአናሎግ ዲቫይስስ 5ቢ ሞጁሎችም ለዚህ ይመቹኛል፤ ከሴንሰሩ ተቀብለው እስከ 5 ቮልት ያወጣሉ፣ ድራይቨር የሚባል ነገር አያውቁም፣ ካርዱ በተቀየረ ቁጥርም አይነኩም። ለአራትና ለስምንት ቻናል ይህን መንገድ እመርጣለሁ። ሠላሳ ሁለት ቻናል ያለው ቻሲ ሲሆን ግን ሽቦው ይበዛል፤ ዳክኤምኤክስን ታግሎ ማግባባት ይሻላል።

የዋጋ ዝርዝር ስጽፍ ከድራይቨሩ ይልቅ ለማረጋገጫው ብዙ ሰዓት እይዛለሁ። ደንበኛው ጣቱን እዚያ መስመር ላይ ያደርግና «ድራይቨሩ ከሠራ ይሄ ለምን?» ይላል። በሌላው መስመር ላይ እንደራደራለን፤ በዚያ ላይ አልቀንስም።