ሙት አገልጋይ ማሰሮ ሲሆን

ከቁሐር ሚካኤል እስከ ወረታ፣ ከዚያም ወዲያ በአማራው ገጠር የቡዳን ወሬ ሳይሰማ ያደገ ሰው ያለ አይመስለንም። በዓይኑ ይበላል፣ ሌሊት ጅብ ይሆናል ይባላል። ይህን ሁላችንም እናውቀዋለን። እኛ የምናነሳው ግን በሹክሹክታ የሚነገረውን የወሬውን መጨረሻ ነው፤ ቡዳው የበላውን ሰው ከተቀበረ በኋላ ምን ያደርገዋል?

ሮናልድ ሬሚኒክ የተባለ አሜሪካዊ የአንትሮፖሎጂ ተመራማሪ በመንዝ የሰማውን በ1974 እ.ኤ.አ. አሳትሟል። በትረካው መሠረት ቡዳው ሙቱን ከመቃብር አውጥቶ ነፍስ ይዘራበትና ሰባት ዓመት በባርነት ያሠራዋል። እንግዳ ሲመጣስ? ራሱን በበትር መታ ሲያደርገው ሙቱ ማሰሮ ሆኖ ቁጭ ይላል! ሰባቱ ዓመት ሲያልቅ ደግሞ አመድ ይሆናል።

በዚያው ዓመት አሜሪካ ውስጥ ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን «ደንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ» የተባለ፣ ጠረጴዛ ከበው በትረካና በዳይስ የሚጫወቱት ጨዋታ አወጡ። በጨዋታው አንዱ አስማተኛ ሆኖ አፅሞችን አስነስቶ ያዛል። ጭንቁ ታዲያ ከተማ ሲገባ የት ይደብቃቸው ነው። አይበሉ፣ አይተነፍሱ፤ ሣጥን ውስጥ ይከታቸዋል፣ ጭነት ያሸክማቸዋል፣ ወጥመድ ያስረግጣቸዋል። የኛ አገር ተራኪ ግን የተሻለ መላ ነበረው፤ ማሰሮን ማን ይጠረጥራል?

ለምን ማሰሮ ሆነ? እዚህ ላይ ነው ነገሩ። ቡዳ የሚለው ስም በብዛት የተለጠፈው በአንጥረኛው፣ በሸክላ ሠሪዋ፣ በሸማኔው፣ በጎንደር አካባቢ በነበሩት ቤተ እስራኤሎችም ላይ ነው። ጠይብ ማለት ራሱ ከጥበብ የመጣ ቃል ነው። ባለ እጁ አብዛኛውን ጊዜ ርስት አልነበረውም፤ ገበሬው ግን ያለ እሱ ማረሻም ማሰሮም አያገኝም። እንደኛ አስተያየት «መሬት የሌለው ሰው በምን ይኖራል?» ለሚለው ጥያቄ የተፈጠረ መልስ ነው፤ የተደበቀ ባሪያ አለው ተባለ። አፈርን በእሳት ማሰሮ የምታደርግ ሴት፣ አፈር የገባውንም ሰው ማሰሮ ታደርጋለች ተብላ ተጠረጠረች። በሃይቲም ሙት ተነስቶ እርሻ ላይ ይሠራል የሚለው ወሬ የበቀለው ባርነት በነበረበት ምድር ነው።

በጨዋታው ጠረጴዛ ዙሪያ አስማተኛው የማንም ጎረቤት አይደለም። እዚህ ግን ስሙ የሚለጠፈው በሰው ልጅ ላይ ነው፤ ልጁም ነገ እኛ በምናስተምርበት ክፍል ለብቻው የሚቀመጠው ነው። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሥራው መስደብን በአዋጅ ከልክለው ነበር፤ ስድቡ ግን አዋጁን ኧረ ከቁምነገርም አልቆጠረው። በዚሁ በፎገራ ያለው አውራምባ፣ ዙምራ ኑሩ በ1972 እ.ኤ.አ. የመሠረተው ማኅበረሰብ፣ ወንዱም ሴቱም በሽመና መተዳደሩን ያየ ግን የሸማኔን ልጅ በዚህ ስም ለመጥራት አፉ አይደፍርም።

ታዲያ ክፍል ውስጥ ተረቱን መከልከል አያዋጣም፤ ውጭ ይወራል። ልጆቹ ያውሩት፤ ባለቤቱ «አንድ አስማተኛ» ይሁን እንጂ «የእገሌ እናት» አይባል። ከዚያ ጭቃ ይምጣ። ለምን ሲደርቅ ይሰነጠቃል? የተፈጨ ገል ሲገባበትስ መሰንጠቁ ለምን ይቀንሳል? ይህ የሳይንስ ትምህርት ነው፤ ከሸክላ ሠሪዋ የተሻለ የሚያስረዳው ስለሌለ እሷው ራሷ ተጋብዛ ክፍል ገብታ ብታሳይ ጥሩ ነው።