የተነቀለ ሃርድ ዲስክ

ማይክሮሶፍት ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ የደህንነት ማሻሻያ አቆመ። ጥቅምት በአገራችን የሳይበር ደህንነት ወር ነውና ግጥምጥሞሹ አይከፋም። ደብረ ብርሃን ውስጥ ፎቶ ኮፒ ቤት የገባ ሰው የሚያገኘው ግን ዛሬም ያንኑ ዊንዶውስ 10 ነው፤ ብዙ ጊዜም ያለ ፈቃድ፣ በክራክ የተከፈተ። ፋይል ቆልፎ ቤዛ የሚጠይቀው ራንሰምዌር የሚወደውም እንዲህ ያለውን ኮምፒውተር ነው።

አመጣጡን በአጭሩ ልለፈው። ታኅሣሥ 1982 ላይ ጆሴፍ ፖፕ የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ሕይወት ተመራማሪ ስለ ኤድስ መረጃ ይሰጣል የተባለ ፍሎፒ ዲስክ ወደ 20,000 ለሚጠጉ ሰዎች በፖስታ ላከ፤ ኮምፒውተራቸው ሲቆለፍ 189 ዶላር ፓናማ ወዳለ የፖስታ ሳጥን እንዲልኩ ታዘዙ። በግንቦት 2009 የተነሳው ዋናክራይ የተባለው ራንሰምዌር ፖስታ አላስፈለገውም፤ በኔትወርክ እየዘለለ 150 ያህል አገሮችን አዳረሰ፣ የእንግሊዝ ሆስፒታሎችንም ሥራ አስፈታ። የገባበትን ቀዳዳ የሚደፍነው ማሻሻያ ከሁለት ወር በፊት፣ በመጋቢት ወጥቶ ነበር።

እኛን ይበልጥ የሚመለከተን ግን ስሙ ብዙም ያልተሰማው ስቶፕ፣ በሌላ ስሙ ዲጄቪዩ፣ ነው። ይህኛው ትልልቅ ተቋም አያድንም፤ ክራክ የሚያወርደውን ተራ ሰው ይጠብቃል። ፎቶሾፕን በነፃ ይከፍታል በተባለ ፋይል ውስጥ ተደብቆ ይገባል፤ ክራኩ «መጀመሪያ አንቲቫይረሱን አጥፉ» ስለሚል በሩን የሚከፍትለት ባለቤቱ ራሱ ነው። ከዚያ ለዓመታት 980 ዶላር ይጠይቅ ነበር፤ በ72 ሰዓት ውስጥ ላነጋገረው ግማሹን ይቀንስ ነበር። ነጋዴ ነው እንግዲህ! ክፍያው በቢትኮይን ነው፤ ብሔራዊ ባንክ ደግሞ በ2014 ዓ.ም. በክሪፕቶ መገበያየት ሕገ ወጥ መሆኑን አሳውቋል። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አለ፤ ቆላፊውን ከየት አምጥቶ ይቅጣው?

መከላከያውስ? ጠንካራ የይለፍ ቃል፣ ያልታወቀ ኢሜይል አለመክፈት፣ እነዚህን ፖስተሩ ሁሉ ይላቸዋል። የሚያከራክረው ባክአፕ (የፋይል መጠባበቂያ ቅጂ) ነው። የተለመደው ምክር «ክላውድ ላይ አስቀምጡ» ይላል። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦበት ለቆየው አማራ ክልል ይህ ግማሽ ምክር ነው። ደግሞም ከኮምፒውተሩ ጋር የተገናኘ ጎግል ድራይቭ የተቆለፈውን ፋይል በደህናው ቦታ ይተካዋል፤ የቀድሞውን ቅጂ መመለስ ቢቻልም ጊዜው የተወሰነ ነው። ሁልጊዜ ተሰክቶ የሚውል ሃርድ ዲስክም አብሮ ይቆለፋል። እኔ የማምነው የተነቀለውን ነው፤ አርብ ማታ ተሰክቶ፣ ተገልብጦበት፣ ተነቅሎ መሳቢያ የሚገባውን። ሌላ ቅጂ ደግሞ ከከተማ ውጭ ቢቀመጥ ይመረጣል፤ ለደብረ ብርሃን ቢሮ አንኮበር 40 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው።

በዚህ ጉዳይ ከኮምፒውተር ሰዎች ይልቅ የማነሳው የሸንኮራውን ተወላጅ፣ የብራና ጽሑፎች ተመራማሪውን ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌን ነው። በ1960ዎቹ አጋማሽ የሸዋን ጨምሮ የየአድባራቱና የየገዳማቱ ብራናዎች በማይክሮፊልም ሲነሡ ዋናው ከባለቤቱ ዘንድ ቆየ፤ አንዱ ቅጂ አዲስ አበባ ቀረ፣ ሌላው ሚኒሶታ፣ ኮሌጅቪል ገባ። ጌታቸው እዚያ ተቀምጠው ለአሥርተ ዓመታት ካታሎጉን ሠሩ። ያ ሥራ ባይኖር ፊልሙ ተቀምጦ ከመገኘት በቀር ማንም የፈለገውን አያገኝበትም ነበር። ብዙ ቢሮ ባክአፕ አለኝ ይላል፤ ከባክአፑ አንድ ፋይል መልሶ ከፍቶ ያየው ግን ስንቱ ነው?

ኮምፒውተሩ ከተቆለፈስ? የኔትወርክ ገመዱን መንቀል ይቀድማል፤ እኛ ጋ ግን የሚቀድመው ፎርማት ማስደረግ ነው። በጥቅምት 2012 ኤምሲሶፍት የተባለው ድርጅት 148 የዲጄቪዩ ዓይነቶችን የሚፈታ ፕሮግራም በነፃ አወጣ። የተቆለፈ ፋይላቸውን ሳያጠፉ ካቆዩት ብዙዎች ሳይከፍሉ መለሱት። ፎርማት ያስደረጉት ግን የሚፈታ ነገር አልነበራቸውም።