ሴስና ሳይቴሽን ኤክስ

ሴስና ሳይቴሽን ኤክስ በአሜሪካ፣ በካንሳስ ግዛት ዊቺታ ከተማ የሚገኘው የሴስና ኩባንያ የሠራው ባለ ሁለት ሞተር የግል ጄት ነው። በስሙ ላይ ያለው «ኤክስ» የሮማውያን ቁጥር አሥር ነው። የተፈቀደለት ከፍተኛ ፍጥነት የድምፅ ፍጥነት 92 ከመቶ፣ ማለትም ማክ 0.92 ሲሆን፣ በዘመኑ ከነበሩት የግል ጄቶች ሁሉ ፈጣኑ ነበር። ከ1996 እስከ 2018 ድረስ ለደንበኞች ቀርቧል። (በዚህ መጣጥፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ታሪክ

የመጀመሪያዎቹ የሳይቴሽን ጄቶች በ1970ዎቹ መጀመሪያ ሲወጡ ክንፋቸው ቀጥ ያለ፣ ለማብረር ቀላል፣ ነገር ግን ዘገምተኛ ነበሩ። ሌሎች አብራሪዎች «ወፍ ከኋላ መጥታ ትመታቸዋለች» እያሉ ይቀልዱባቸው ነበር። ኩባንያው ይህን ስም የሚያስለውጥ አውሮፕላን እንደሚሠራ በ1990 አስታወቀ። ሳይቴሽን ኤክስ በታኅሣሥ ወር 1993 ለመጀመሪያ ጊዜ በረረ፤ በ1996 ደግሞ የአሜሪካ ፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር የብቃት ማረጋገጫ ሰጠው።

የመጀመሪያውን አውሮፕላን የተረከበው ታዋቂው የጎልፍ ተጫዋች አርኖልድ ፓልመር ነው። ፓልመር ራሱ አብራሪ ስለነበር በ1997 በዚሁ አውሮፕላን በ5,000 ኪሎሜትር ዙር በረራ የፍጥነት ክብረ ወሰን አስመዘገበ። በዚያው ዓመት የአውሮፕላኑ ንድፍ ቡድን በአሜሪካ አቪዬሽን ትልቅ ክብር ያለውን የኮሊየር ዋንጫ ተሸለመ።

ማክ 0.92 ምን ያህል ፍጥነት ነው?

የማክ ቁጥር አንድ አውሮፕላን ከድምፅ ፍጥነት አንጻር ምን ያህል እንደሚፈጥን ይለካል። የድምፅ ፍጥነት ግን እንደ አየሩ ሙቀት ይለያያል። በባሕር ወለል ላይ፣ ሙቀቱ 15 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲሆን፣ ድምፅ በሰዓት ወደ 1,225 ኪሎሜትር ይጓዛል። ከ11 ኪሎሜትር ከፍታ በላይ ግን ሙቀቱ ከዜሮ በታች 56 ዲግሪ ገደማ ስለሚሆን ወደ 1,062 ኪሎሜትር ይወርዳል። ስለዚህ በዚያ ከፍታ ማክ 0.92 ማለት በሰዓት 977 ኪሎሜትር ያህል ነው።

አውሮፕላኑ ከድምፅ ፍጥነት በታች ቢበርም፣ አየሩ በክንፉ ላይ ሲያልፍ ስለሚፋጠን በአንዳንድ ቦታ የድምፅን ፍጥነት ያልፋል። በዚያ ቦታ ሾክ ዌቭ የሚባል ድንገተኛ የግፊት ለውጥ ይፈጠራል፤ የአየሩ ተቃውሞም በአንድ ጊዜ ይጨምራል። ወደ ድምፅ ፍጥነት በተጠጉ ቁጥር እያንዳንዱ ተጨማሪ ኪሎሜትር ከቀደመው የበለጠ ነዳጅ የሚያስከፍለው በዚህ ምክንያት ነው።

ክንፍና ሞተር

ለዚህ ችግር የተሰጠው ዋናው መልስ የክንፉ ቅርጽ ነው። የሳይቴሽን ኤክስ ክንፍ 37 ዲግሪ ወደኋላ ያዘነበለ ነው፤ ይህም ለግል ጄት እጅግ ብዙ ነው። ክንፍ ወደኋላ ሲያዘነብል ለሾክ ዌቭ መፈጠር ዋናው ምክንያት የሆነው ከክንፉ ጠርዝ ጋር ቀጥ ብሎ የሚገናኘው የአየር ፍጥነት ብቻ ነው። በቀላል ስሌት አውሮፕላኑ በማክ 0.92 ሲበር ክንፉ የሚሰማው ማክ 0.73 ያህሉን ነው ማለት ይቻላል።

በጅራቱ አጠገብ የተገጠሙት ሁለት ሮልስ ሮይስ ኤኢ 3007 ሲ ቱርቦፋን ሞተሮች እያንዳንዳቸው ወደ 29 ኪሎኒውተን የሚጠጋ የመግፋት ኃይል አላቸው። የዚሁ ሞተር ሌሎች ዓይነቶች 50 ሰው በሚጭነው ኢምብራየር 145 አውሮፕላን ላይ ይሠራሉ። በግል ጄት ላይ ይህን ያህል ኃይል መኖሩ አውሮፕላኑ በፍጥነት እንዲወጣ ያስችለዋል። እስከ 15,545 ሜትር ከፍታ መብረር ስለሚችል የመንገደኛ አውሮፕላኖች ከሚበዙበት ከፍታና ከአብዛኛው መጥፎ የአየር ጠባይ በላይ ይሆናል።

ተፈላጊነቱ

የፍጥነቱ ጥቅም እንደ ርቀቱ ይለያያል። ለምሳሌ በሎስ አንጀለስና በኒው ዮርክ መካከል ያለውን ርቀት 4,000 ኪሎሜትር ያህል ብንወስድ፣ በማክ 0.80 (850 ኪሎሜትር በሰዓት) የሚበር ጄት 4 ሰዓት ከ42 ደቂቃ፣ በማክ 0.92 የሚበር ደግሞ 4 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ይፈጅበታል። ልዩነቱ 36 ደቂቃ ነው። በ500 ኪሎሜትር ጉዞ ላይ ግን ልዩነቱ 5 ደቂቃ እንኳ አይሞላም።

ነፋስ ከፊት ሲመጣ ልዩነቱ ይሰፋል። ከኒው ዮርክ ወደ ምዕራብ ሲበሩ በሰዓት 150 ኪሎሜትር የሚነፍስ ነፋስ ቢያጋጥም፣ ዘገምተኛው ጄት 5 ሰዓት ከ43 ደቂቃ፣ ፈጣኑ 4 ሰዓት ከ50 ደቂቃ ይወስድበታል፤ ልዩነቱም 53 ደቂቃ ይሆናል። ጠዋት ተነሥቶ ከአንዱ የአሜሪካ ጠረፍ ወደ ሌላው ሄዶ፣ ስብሰባ ተሰብስቦ በዚያው ቀን ለመመለስ ለሚፈልግ ደንበኛ ትርፉ ይህ ነበር። (ይህ ስሌት ለመነሣትና ለማረፍ የሚወስደውን ጊዜ አይጨምርም። የፓልመር ክብረ ወሰን አማካይ ፍጥነትም በሰዓት 876 ኪሎሜትር ገደማ ነበር።)

የፍጥነት ዋጋ

በከፍተኛ ፍጥነት ሲበር ነዳጁ ቶሎ ስለሚያልቅ የሚጓዘው ርቀት ያጥራል። ስለዚህ ረጅም መንገድ ያለበት አብራሪ ፍጥነቱን መቀነስ ግድ ይለዋል። ሁለተኛው ዋጋ የቦታ ጥበት ነው፤ የመንገደኛው ክፍል ቁመት 1.73 ሜትር ብቻ ስለሆነ ረጅም ሰው ጎንበስ ብሎ ይሄዳል።

ፉክክርና ፍጻሜ

በ2012 የብቃት ማረጋገጫ ያገኘው ጋልፍስትሪም ጂ650 ማክ 0.925 በመድረስ ቀዳሚነቱን ወሰደ። ሴስና አውሮፕላኑን አሻሽሎ፣ 38 ሴንቲሜትር አስረዝሞና የክንፉን ጫፍ ወደ ላይ አጥፎ፣ ማክ 0.935 የሚደርሰውን ሳይቴሽን ኤክስ ፕላስ በ2014 አወጣ። የፍጥነቱ ክብር ተመለሰ፤ ገዢው ግን አልበዛም። ምርቱ በ2018 ቆመ።

ከዚያ በኋላ ከሴስና ጄቶች መካከል ትልቁ የሆነው ሳይቴሽን ሎንጂቱድ ከፍተኛ ፍጥነቱ ማክ 0.84 ብቻ ነው። በምትኩ ቁመቱ 1.83 ሜትር የሆነ፣ ወለሉ ጠፍጣፋና ሰፋ ያለ ክፍል ይሰጣል። አብዛኛው ደንበኛ ግማሽ ሰዓት ከመቆጠብ ይልቅ ቀጥ ብሎ መቆምን እንደመረጠ ከዚህ መረዳት ይቻላል። የፍጥነት ፉክክሩ ግን አልቆመም፤ በ2022 የካናዳው ቦምባርዲየር ማክ 0.94 የሚደርስ፣ ሰፊ ክፍልም ያለው ግሎባል 8000 የተባለ ጄት አስተዋውቋል።

ዋና ዋና መለኪያዎች (ሳይቴሽን ኤክስ)

- አብራሪዎች፦ 2
- መንገደኞች፦ እስከ 12
- ርዝመት፦ 22 ሜትር ገደማ
- የክንፍ ስፋት ከጫፍ እስከ ጫፍ፦ 19.4 ሜትር ገደማ
- ሲነሣ ከፍተኛ ክብደት፦ 16,400 ኪሎግራም ገደማ
- ከፍተኛ ፍጥነት፦ ማክ 0.92
- ከፍተኛ ከፍታ፦ 15,545 ሜትር