በየሁለት ሳምንቱ የሚታደሰው ብድር

በአሜሪካ ብዙ ሠራተኛ ደመወዙን የሚያገኘው በየሁለት ሳምንቱ ነው። የቤት ኪራይና የመኪና ብልሽት ግን የደመወዝ ቀን አይጠብቁም። «ፔይዴይ ሎን» የሚባለው ብድር ገበያውን ያገኘው እዚህ ላይ ነው። አመልካቹ መታወቂያ፣ የደመወዝ ማስረጃና የባንክ ሒሳብ ካለው ገንዘቡን ለመቀበል ብዙ አይቆይም። በምትኩ የመክፈያው ቀን የተጻፈበት ቼክ ያስቀምጣል፤ አለዚያም አበዳሪው ከባንክ ሒሳቡ በቀጥታ እንዲወስድ ይፈቅዳል።

የተለመደው ዋጋ ለ100 ዶላር 15 ዶላር ነው። ሲሰሙት ቀላል ይመስላል፤ በዓመት ሲሰላ ግን ወደ 400 በመቶ ይጠጋል። 300 ዶላር የተበደረ ሰው በሁለት ሳምንቱ 345 ዶላር ይጠበቅበታል። ካልሞላለት 45 ዶላር ከፍሎ ያራዝመዋል። አራት ጊዜ ካራዘመ 180 ዶላር ከኪሱ ወጥቷል፤ ከዋናው ዕዳ ግን አንድ ዶላር እንኳ አልተቀነሰም።

ይህ የጥቂቶች ችግር አይደለም። የአሜሪካ የሸማቾች ፋይናንስ ጥበቃ ቢሮ እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣው ጥናት፣ ከአምስቱ ብድሮች አራቱ በ14 ቀናት ውስጥ ተራዝመዋል፤ ወይም በሌላ ብድር ተተክተዋል።

ዋጋው ሲደበቅ ደግሞ ጉዳቱ ይብሳል። የካንሳሱ የመኪና ተወዳዳሪ ስኮት ታከር በኢንተርኔት ያበድር ነበር። ውሉ 300 ዶላር የወሰደ ሰው በድምሩ 390 ዶላር እንደሚከፍል በጉልህ ያሳይ ነበር። በደቃቅ ፊደል የሰፈረው አንቀጽ ግን፣ ተበዳሪው ራሱ ካላስቆመው ብድሩ በየጊዜው እንዲታደስ ያደርግ ነበር፤ መጨረሻ ላይ የሚከፈለው በድምሩ 975 ዶላር ይደርስ ነበር። ታከር በ2017 ጥፋተኛ ተባለ፣ በ2018 የ16 ዓመት ከ8 ወር እስራት ተፈረደበት። በዚያው ዓመት ከአንድ ሚሊዮን ለሚበልጡ ተበዳሪዎች 505 ሚሊዮን ዶላር ተመለሰ።

የሕጉ ጥበቃ እንደየግዛቱ ይለያያል። ለወታደሮችና ለቤተሰቦቻቸው የፌዴራሉ ሕግ ጣሪያውን በዓመት 36 በመቶ አድርጎታል። ኢትዮጵያውያን በብዛት ከሚኖሩባቸው አካባቢዎች ዋሽንግተን ዲሲ ወለዱን በ24 በመቶ ገድባለች፤ ቨርጂኒያም ከ2021 ጀምሮ የ36 በመቶ ጣሪያ አላት፣ ወርኃዊ ክፍያ ግን ይጨመርበታል። ላስ ቬጋስ ያለችበት ኔቫዳ እንዲህ ያለ ጣሪያ የላትም።

ሌላው ማታለያ በስልክ ይመጣል። ደዋዩ ብድሩ ጸድቋል ይልና «ለኢንሹራንስ» ወይም «ለማስኬጃ» አስቀድሞ ገንዘብ ይጠይቃል። ብድር አረጋግጫለሁ እያሉ በስልክ ቅድሚያ ክፍያ መጠየቅ በፌዴራል ደንብ የተከለከለ ነው። ዕዳ ባለመክፈልህ ትታሰራለህ ብሎ ማስፈራራትም ሕገ ወጥ ነው። ከፍርድ ቤት መጥሪያ የደረሰው ሰው ግን ሳይቀር መቅረብ አለበት።

የተሻለው አማራጭ ብዙ ጊዜ በአባላት የተቋቋመው የብድርና ቁጠባ ማኅበር፣ ክሬዲት ዩኒየን ነው። አንዳንዶቹ ከ200 እስከ 1,000 ዶላር ድረስ ከአንድ እስከ ስድስት ወር በሚከፈል ብድር ይሰጣሉ፤ ወለዱ በዓመት ከ28 በመቶ፣ የማመልከቻው ክፍያም ከ20 ዶላር አይበልጥም። 300 ዶላር በስድስት ወር ቢከፈል ወለዱ 25 ዶላር ገደማ ነው። የማመልከቻው ክፍያ ሲደመርበት 45 ዶላር ይሆናል፤ ይህም ፔይዴዩን ለአንድ ጊዜ ብቻ ለማራዘም የሚከፈለው ገንዘብ ነው።

የፔይዴይ ብድር ውስጥ የገባ ሰውም መብት አለው። ከመክፈያው ቀን ቢያንስ ሦስት የሥራ ቀናት ቀድሞ ለባንኩ በማሳወቅ ከሒሳቡ የሚወሰደውን ክፍያ ማስቆም ይችላል። ዕዳው ባይሰረዝም፣ ለኪራይ የተቀመጠው ገንዘብ ከእጁ አይወጣም።

ሊበደሩ ካሰቡ ከመፈረምዎ በፊት ሁለት ነገር ይጠይቁ፦ በድምሩ ስንት እከፍላለሁ? እያንዳንዱ ክፍያ ከዋናው ዕዳ ይቀንሳል ወይ? መልሱን በጽሑፍ ካልሰጡዎት አይፈርሙ።