ዲዩቲ ስለሚባለው የእንግሊዝ ቃል

የእንግሊዝን ቋንቋ የሚማር ልጅ አንዱን ቃል በአንድ ፍች ብቻ ቢይዝ ትምህርቱ ጎዶሎ ይሆንበታል። ለዚህም በሱዳን ጠረፍ በመተማ በኩል ለሚነግድ ሰው የሚያስፈልገው ዲዩቲ የሚባለው ቃል ምሳሌ ይሆነናል። ሱዳን እስከ 1948 ዓ.ም. ድረስ በእንግሊዝና በግብፅ ጥምር አገዛዝ ሥር ስለ ነበረች፥ ከመተማ ፊት ለፊት ባለችው በጋላባት የመንግሥት ሥራ በእንግሊዝ ቋንቋ ይሠራ ነበር።

ቃሉ ሦስት ፍች አለው። መጀመሪያው ግዴታ ነው፤ ልጅ ለወላጁ፥ ሹም ለሕዝቡ ያለበት። ሁለተኛው ቀረጥ ነው፤ ነጋዴ ሰሊጡን ድንበር ሲያሻግር በጉምሩክ የሚከፍለው። ሦስተኛው የሥራ ተራ ነው፤ ዘበኛ ተረኛ ሆኖ በር ሲጠብቅ የሚባለው።

ፍቹን የሚለየው ጎረቤቱ ነው። ቱ የሚለው ቃል ቢከተለው ግዴታ ነው፤ ኦን ቢከተለው ቀረጥ ነው፤ ኦን ቢቀድመው ግን ተረኛ መሆን ነው። የሰሊጥን ቀረጥ «በሰሊጥ ላይ ያለ ግዴታ» ብሎ የሚተረጕም ጸሐፊ ለነጋዴው ገንዘብ እንዲከፍል ሳያስታውቀው ይቀራል፤ ጭነቱም ጠረፍ ላይ ይቆማል።

የቃሉ ሥር ግን አንድ ነው፤ እርሱም የሚከፈል ዕዳ ማለት ነው። ነጋዴ ገንዘቡን፥ ዘበኛ ጊዜውን ይከፍላል። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ግን በመጋቢት 1881 ዓ.ም. በዚያው በመተማ ከደርቡሽ ጋራ ተዋግተው ሕይወታቸውን ከፈሉ፤ ከተማይቱም መተማ ዮሐንስ ተብላ በስማቸው ትጠራለች።

እንግዲህ ወላጆች፥ ልጆቻችሁ ቃልን ሲያጠኑ ከነጎረቤቱ እንዲጽፉት አስለምዷቸው።